ቀመሩን ታውቂዋለሽ፤ ታዲያ ለምን ያሳስትሻል?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውድድር ፈተና እቀመጣለሁ። የፊዚክሱ ክፍል 40 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ የተሰጠው ጊዜም 40 ደቂቃ ነው። የተማርኩት ሌላ የሙያ መስክ ቢሆንም ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ቀመሮችን ደብተር ላይ ጽፌ በቃሌ ይዣለሁ። የልምምድ ፈተና ስሠራ ግን ከግማሽ በላይ አላገኝም። የሚያናድደኝ ደግሞ የሳትኳቸውን ጥያቄዎች መልስ ስመለከት ቀመራቸውን ሁሉ የማውቀው መሆኑ ነው። የትኞቹን መሠረታዊ ነገሮች ልያዝ? እንዴትስ ላጥና?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። ችግርሽ የት እንዳለ ራስሽ ጠቁመሻል፤ «ቀመራቸውን ሁሉ የማውቀው መሆኑ ነው» ያልሽበት ቦታ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አውጥቻለሁ። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ተፈታኞቹ ሁሉ ቀመሩን እንደሚያውቁት ቆጥሮ ነው። የውድድር ፈተና ዓላማው አንዱን ከሌላው መለየት ነውና ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይጠቅመውም። ስለዚህ የተሳሳቱትን አማራጮች የሚያስቀምጠው ቀመሩን በቃሉ የያዘ፣ ነገር ግን ቀመሩ ስለ ምን እንደሚናገር ቆም ብሎ ያላሰበ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። አንቺም የምትሄጂው በዚያው መንገድ ነው። ከዚያ ለመውጣት ስድስት ሳምንት ይበቃሻል።

አንድ የክፍል ውስጥ ገጠመኝ ላንሣ። ጎበዝ የሚባል ተማሪዬን ወደ ሰሌዳው ጠርቼ እንዲህ ስል ጠየቅሁት፦ «አንዲት ኳስ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወረወረች። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ ሽምጠጣዋ (አክስለሬሽኗ) ስንት ነው?» ጠመኔውን አንሥቶ ሳያመነታ «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡትም በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም» አልኩት፤ «እዚያ ጫፍ ላይ ፍጥነቷ ዜሮ ነው። ሽምጠጣዋም ዜሮ ከሆነ፣ ማለትም ፍጥነቷ የማይለወጥ ከሆነ፣ ኳሷ ቀጥሎ ምን ትሆናለች?» ጠመኔውን እንደያዘ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እዚያው አየር ላይ ትቀራለች» አለና የጻፈውን በመዳፉ አጠፋው።

ያ ልጅ የሽምጠጣን ቀመር ከእኔ እኩል ያውቅ ነበር። ያላስተዋለው፣ ሽምጠጣ የሚነግረን ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ እንጂ ፍጥነቱ ራሱ ስንት እንደሆነ አለመሆኑን ነው። ኳሷ ስትወጣም፣ ጫፍ ላይ ስትደርስም፣ ስትወርድም ምድር መሳቧን አላቋረጠችም። ስለዚህ በሦስቱም ቦታ ሽምጠጣዋ በሰከንድ ካሬ 9.8 ሜትር ሲሆን አቅጣጫውም ወደ ታች ነው። ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ በየፈተናው ይመላለሳል፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይጥላል።

እኔ ቀመርን የማየው አሳጥሮ እንደተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤት አለው፣ ማሰሪያ አለው፣ እውነት የሚሆንበት ሁኔታም አለው። ምልክቶቹን ብቻ የያዘ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ ፊደላቱን እንደቆጠረ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ አንድም ቀመር በምልክት የማልጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን የኒውተን ሕግ እንውሰድ። በቃል ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ በአንድ አካል ላይ የሚያርፉት ጉልበቶች (ፎርሶች) ሁሉ አቅጣጫቸው ታይቶ ሲደመሩ የሚገኘው የተጣራ ጉልበት፣ የአካሉ መጠነ ቁስ በሽምጠጣው ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙ ተፈታኝ የሚረሳት አንዲት ቃል «የተጣራ» የምትለዋ ናት። አንድ ሰው አሳንሰር ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል እንበል፤ መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም ነው፤ አሳንሰሩ በሰከንድ 5 ሜትር በማይለዋወጥ ፍጥነት ይወጣል። ሚዛኑ ስንት ኒውተን ያሳያል? ለስሌት እንዲቀል የስበትን ሽምጠጣ 10 አድርጊው። 5 ቁጥር የተቀመጠው አንቺን ለመሳብ ነው። ፍጥነቱ ካልተለዋወጠ ሽምጠጣ የለም፤ ሽምጠጣ ከሌለ የተጣራው ጉልበት ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ የሚያሳየው መሬት ላይ የሚያሳየውን 600 ኒውተን ነው። አሳንሰሩ በሰከንድ ካሬ 2 ሜትር ወደ ላይ ሽምጠጣ ቢኖረው 720፣ ወደ ታች ቢሆን 480፣ ገመዱ ተበጥሶ በነፃ ቢወድቅ ደግሞ ዜሮ ያሳያል። አራቱም መልሶች የወጡት ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የጠፈርተኞች መንሳፈፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምድር ስበት የሚቀንሰው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የሚንሳፈፉት እነርሱም መንኮራኩራቸውም አብረው በመውደቅ ላይ ስለሆኑ ነው፤ ገመዱ እንደተበጠሰው አሳንሰር ማለት ነው። «እዚያ ስበት የለም» የሚል አማራጭ ካየሽ ወዲያውኑ ሰርዢው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ይህ ይመስለኛል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ኃይል» የምንለው ቢያንስ ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው፤ ለፎርስ፣ ለኢነርጂና ለፓወር። «ጉልበት» የሚለው ቃልም አንዳንዴ ለፎርስ፣ አንዳንዴ ለኢነርጂ ይውላል። እኔ እዚህ ጉልበት ስል ፎርስን ነው፤ ሌሎቹን ኢነርጂና ፓወር እላለሁ። አንቺ ግን ከስማቸው ይልቅ አሃዳቸውን ያዢ፤ አሃድ አያምታታም። ጉልበት በኒውተን፣ ኢነርጂ በጁል፣ ፓወር በዋት ይለካል። ዋት ማለት በእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ጁል ነው። እንግዲህ ኪሎዋት ሰዓት የምን መለኪያ ነው? ስሙ ውስጥ ዋት ስላለ ብዙዎች ፓወር ይላሉ። ነገር ግን 1,000 ዋት በ3,600 ሰከንድ ሲባዛ 3.6 ሚሊዮን ጁል ይሰጣል፤ ስለዚህ የኢነርጂ መለኪያ ነው። የብርሃን ዓመትም እንዲሁ ነው፤ «ዓመት» ቢባልም ርቀት ነው፤ ወደ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ለአሃድ ብዙ ቦታ የምሰጠው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ስትደርስ የጠፋችው፣ አንዱ ወገን ስሌቱን የጉልበት መለኪያ በሆነው በፓውንድ ሲልክ ሌላው በኒውተን የተላከ መስሎት ስለተቀበለው ነው። በሁለቱ መካከል ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሰባቱን መሠረታዊ አሃዶች፣ ማለትም ሜትርን፣ ኪሎ ግራምን፣ ሰከንድን፣ አምፔርን፣ ኬልቪንን፣ ሞልንና ካንዴላን በቃልሽ ያዢ፤ ይህን መሸምደድ ተገቢ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ከእነርሱ ገንቢያቸው። በሰዓት የተሰጠን ኪሎ ሜትር ወደ ሰከንድና ሜትር ለመለወጥ ለ3.6 አካፍዪ፤ 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት 20 ሜትር በሰከንድ ነው።

አሃድ ቀመር የጠፋብሽ ዕለትም ይደርስልሻል። «የፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጅበት ጊዜ በምን ላይ ይወሰናል?» የሚል ጥያቄ መጣ እንበል። አማራጮቹ ውስጥ የክሩ ርዝመት፣ የስበት ሽምጠጣና የተንጠለጠለው ነገር መጠነ ቁስ አሉ። የምንፈልገው ሰከንድ ነው። በሜትር የሚለካውን ርዝመት በሰከንድ ካሬ በሜትር ለሚለካው የስበት ሽምጠጣ ብናካፍል ሜትሩ ከሜትር ጋር ይጣፋና ሰከንድ ካሬ ይቀራል፤ ሥሩ ሰከንድ ነው። ኪሎ ግራም ግን የሚያጣፋው ጓደኛ የለውም፤ ስለዚህ መጠነ ቁስ መልሱ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ውዝዋዜው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ጊዜውን የሚወስኑት ርዝመቱና ስበቱ ብቻ ናቸው። ጨረቃ ላይ ስበቱ የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ ያው ፔንዱለም የሚፈጅበት ጊዜ በ6 ሥር፣ ወደ 2.45 እጥፍ፣ ይረዝማል።

ከመካኒክስ (ስለ እንቅስቃሴና ጉልበት ከሚናገረው ክፍል) ሳልወጣ የሚደጋገሙ ሦስት ወጥመዶችን ልጥቀስ። አንደኛው አማካይ ፍጥነት ነው። መኪና ሲሄድ በሰዓት 40፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አማካዩ 50 አይደለም። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን ሲሄድ 3 ሰዓት፣ ሲመለስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል፤ 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ማለት 48 ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ» ስለሚል ነው። በነገራችን ላይ መኪናው ወደተነሣበት ስለተመለሰ አማካይ ቶሎታው ዜሮ ነው፤ ቶሎታ አቅጣጫን ይቆጥራል። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ነው፤ ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው ድርጊትና አጸፋ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ክብደቱና ጠረጴዛው ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት እኩል ስለሆኑ ብቻ ድርጊትና አጸፋ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሁለቱም የሚያርፉት መጽሐፉ ላይ ነው፤ ድርጊትና አጸፋ ግን ሁልጊዜ በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ያርፋሉ። የመጽሐፉ ክብደት አጸፋ መጽሐፉ ምድርን ወደ ላይ የሚስብበት ጉልበት ነው።

ወደ ሙቀት ስንመጣ የምወደውን አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አብረን እንሥራ። 100 ግራም በረዶ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አለ። 50 ዲግሪ ከሆነ 100 ግራም ውኃ ጋር ተቀላቀለ፤ ሙቀት ወደ ውጭ አልወጣም። የመጨረሻው መጠነ ሙቀት ስንት ነው? የቸኮለ ሰው አማካዩን ወስዶ 25 ይላል። እርሳስሽን አስቀምጪና መጀመሪያ እንዲህ ጠይቂ፦ በረዶው ለመቅለጥ ስንት ይፈልጋል? ውኃውስ ስንት መስጠት ይችላል? አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ ብቻ፣ መጠነ ሙቀቱ ምንም ሳይጨምር፣ 334,000 ጁል ያህል ይወስዳል፤ 100 ግራሙ 33,400 ይፈልጋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በእያንዳንዱ ዲግሪ 4,200 ጁል ገደማ ይሰጣል፤ 100 ግራሙ ከ50 እስከ ዜሮ ቢቀዘቅዝ የሚሰጠው 21,000 ነው። ያለው ከሚያስፈልገው ያንሳል። ስለዚህ በረዶው ሁሉ አይቀልጥም፤ 63 ግራም ያህሉ ብቻ ይቀልጥና የቀረው በውኃው ላይ እንደተንሳፈፈ መጠነ ሙቀቱ ዜሮ ላይ ይቆማል። ሙቀት ማለት ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍ ኢነርጂ ነው፤ መጠነ ሙቀት ግን የአንድ አካል ሁኔታ መለኪያ ነው። ይህን ልዩነት በሚገባ የያዘ ሰው የዚህን ምዕራፍ ጥያቄዎች አይፈራም።

ኤሌክትሪክ ላይ አምፖሎቹን ተጠንቀቂያቸው። ለ220 ቮልት የተሠሩ አንድ የ60 ዋትና አንድ የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ ተገናኝተው ከ220 ቮልት ጋር ቢያያዙ የትኛው ይበልጥ ይደምቃል? እጅሽ ወደ 100 ይሄዳል። ነገር ግን 60 እና 100 የሚሉት ቁጥሮች አምፖሉ ለብቻው ሙሉውን 220 ቮልት ሲያገኝ ብቻ እውነት የሚሆኑ ናቸው። አምፖሎቹ ይዘውት የሚዞሩት ዋታቸውን ሳይሆን ሬዚስታንሳቸውን ነው፤ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለፓወሩ ሲካፈል የ60 ዋቱ 807 ኦም፣ የ100 ዋቱ 484 ኦም ገደማ ይሆናል። በተከታታይ ሲገናኙ በሁለቱም የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው፤ ከረንት መንገድ ላይ እየተበላ አያልቅም። ከረንቱ እኩል ከሆነ ይበልጥ የሚሞቀውና የሚደምቀው ትልቁ ሬዚስታንስ ያለው ነው። መልሱ የ60 ዋቱ ነው። በእርግጥ ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ ቁጥሮቹ ቢለወጡም መልሱ ግን አይገለበጥም።

ብርሃንና ድምፅ ላይ ብዙ አትድከሚ፤ ጥቂት ነገሮችን በእርግጠኝነት ማወቅ ይበቃል። ሞገድ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሻገር ፍጥነቱና የሞገድ ርዝመቱ ይለወጣሉ፤ ድግግሞሹ አይለወጥም። ድምፅ በባዶ ቦታ አይሄድም፤ በአየር ውስጥ 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በውኃ ከዚያ ይፈጥናል፤ በብረት ይብሳል። ብርሃን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከሁሉ የሚፈጥነው በባዶ ቦታ ነው። የሩቁን ማየት ለሚያቅተው ሰው ስርጉድ ሌንስ፣ የቅርቡን ለሚያቅተው እብጥ ሌንስ ይታዘዛል።

የግኝት ታሪክ ጥያቄዎችም አይጠፉም። አንስታይን እ.ኤ.አ. የ1921ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በተለይ የፎቶኤሌክትሪክን ሕግ በማግኘቱ ነው፤ በሬላቲቪቲ የሚለው አማራጭ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤክስሬይ እ.ኤ.አ. በ1895 የሮንትገን፣ ኤሌክትሮን በ1897 የቶምሰን፣ ኒውትሮን በ1932 የቻድዊክ ግኝቶች ናቸው። ይህንን ለመጨረሻው ሳምንት አቆዪው፤ ያኔ ሁለት ምሽት ይበቃዋል።

አሁን ስለ አጠናንሽ። ሰማንያዎቹን ቀመሮች አትጣያቸው፤ አዲስ ደብተር ክፈቺና እያንዳንዱን በቃል ጻፊው። ከሥሩ አሃዱን፣ ከዚያ ደግሞ የማይሠራበትን አንድ ሁኔታ ጨምሪ። ለምሳሌ የወጥ ሽምጠጣ ቀመሮች ሽምጠጣው የሚለዋወጥ ከሆነ አይሠሩም፤ የኦም ሕግም ለሁሉም መሣሪያ አይሠራም። ይህን ስትሠሪ ብዙዎቹ ቀመሮች የሌሎቹ ልጆች እንደሆኑ ታያለሽና ዝርዝሩ በራሱ ያጥራል። ከስድስቱ ሳምንታት ሦስቱን ያለ ስስት ለመካኒክስ ስጪ፤ ሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ ጉልበትንና ኢነርጂን ከእርሱ ይዋሳሉ። አራተኛውን ለሙቀትና ለፈሳሾች፣ አምስተኛውን ለኤሌክትሪክ፣ ስድስተኛውን ለቀረው አድርጊ።

የልምምድ ፈተና ስትሠሪ ውጤቱን ብቻ አትመዝግቢ። የሳትሽው ጥያቄ አጠገብ ያሳመነሽን የተሳሳተ አማራጭ ጻፊና ለምን እንዳሳመነሽ በአንድ መስመር አስረጂ። በሁለተኛው ሳምንት ያ ዝርዝር የራስሽን ልማድ ያሳይሻል፤ ምናልባት አሃድ ሳትለውጪ ትሮጫለሽ፤ ምናልባት «የማይለዋወጥ» የሚለውን ቃል ዘለሽ ታነቢያለሽ። በፈተናው ቀን አንድ ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ጠባብ ነውና በመጀመሪያው ዙር መንገዱ ያልታየሽን ጥያቄ ምልክት አድርገሽ እለፊው። ስሕተት ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ መመሪያውን አስቀድመሽ አንብቢ፤ የማይቀንስ ከሆነ አንድም ባዶ አትተዪ።

ለዛሬ ማታ የአርኪሜደስን ሕግ በቃል ጻፊው፦ ፈሳሽ ውስጥ የገባ አካል፣ እርሱ ቦታውን ከወሰደበት ፈሳሽ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ ይህን ሥሪ፦ ትንሽ ኩሬ ላይ በምትንሳፈፍ ጀልባ ውስጥ ትልቅ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ኩሬው ተጣለና ሰመጠ። የኩሬው ውኃ ከፍታ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ይቆያል? መልሱ ይቀንሳል ነው። ጀልባው ላይ ሳለ ክብደቱን ያህል፣ ከሰመጠ በኋላ ግን ይዘቱን ያህል ብቻ ውኃ የሚገፋ መሆኑ ለምን ይህን ልዩነት እንደሚያመጣ በራስሽ ቃል በሦስት መስመር መጻፍ ከቻልሽ፣ ነገ ወደሚቀጥለው ቀመር እለፊ።